«ባለቤቴ አርፈዋል» ብዬ ስለሞትኩት ሞት

ይድረስ ለተከበሩ የ«ቶሎ ደራሽ» የመሬት መረጃ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ በእመቤታችን አማላጅነት ደህና ነኝ፤ ማሽንዎ ሟች ስለሚለኝ፣ ደህና መሆኔ ድፍረት ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሚስቴ ላቀች ባለፈው ፍልሰታ አርፋ፣ ንፋስ መውጫ ካለው ቢሯችሁ ቀርቤ «ባለቤቴ አርፈዋል» ብዬ አስመዘገብኩ። በቁሟ አንቺ ስላት የኖርኩትን፣ ለሞተ ሰው እንደሚገባው አንቱ አልኳት። ሰሞኑን ስመለስ የገብስ ማሳዬን «ባለይዞታው ሟች፣ ወራሽ ሚስታቸው ያልቀረቡ» ተብሎ ለሰኔ ሊደለደል ተዘጋጅቶ አገኘሁት።

አንደኛ፣ ስለ ትርጓሜው ላመስግን። ባለሙያዋ ወይዘሪት ርብቃ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ማሽኑ ውስጥ ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ አለ፤ እየሠራ ይተረጉማል፣ ለመፍጠን ደግሞ ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከዚህ ቀደም ካየው ተነሥቶ ይገምታል። «ባለቤት» ሲባል ሁልጊዜ የመሬት ጌታ ስላየ፣ ሚስት ትሆናለች ብሎ አልጠረጠረም፤ «አርፈዋል»ም ወንድ ከሴት አይለይም። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም፣ ቆሎ ተማሪ ሆነን ጥቂት ፊደል ስንቆጥር መምህራችን አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ ሲተረጉሙት ይውሉ ነበር። የእናንተ ተርጓሚ አንዷን «አንድም» ብቻ ይዞ ተመርቋል፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ሁለተኛ፣ የማይለወጠውን ነገር ማሽኑ አስቀድሞ አስልቶ ውጤቱን ብቻ አጥፎ ያስቀምጣል አሉ፤ ሁለትና ሦስትን በየጊዜው ከመደመር አምስትን ይዞ መቀመጥ። መልካም ብልሃት ነው። ሞቴንም ከማይለወጡት ቆጥሮ ስላጠፈው ግን፣ እፊቱ ቆሜ እያሳልኩም መልሱ ያው ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይፈራል፤ ሰውን በጥርጣሬ መኮነን ኃጢአት ነውና። ሆኖም ወይዘሪት ርብቃ እፊቴ ቢፈትኑት፣ ያ ለመፍጠን የሚገምትበት ማፍጠኛ ሲጠፋ «ሕያው»፣ ሲበራ «ሟች» አለ። ይህን ፈተና ሥራ ሳይጀመር እንዳታደርጉ የከለከላችሁ ማን ነው? አዋሳኜ ይበልጣልስ ሞቴን ከእኔ ቀድሞ ከማን ሰምቶ ነው ድንበሬን በገመድ የለካው? ግምት ከሆነ አንዳንዴ እንኳ ለድሃው በሚጠቅም በኩል ሊሳሳት በተገባው ነበር። ምናልባት ክፋቱ የእኔ ልብ ይሆናል፤ ስጸልይበት ሰነበትኩ፤ አለቀቀኝም።

ያቀረባችሁልኝን መፍትሔም አልረሳሁም፤ «አርፈዋል» ያልኩትን «ሞተች» ብዬ ባስለውጥ በዕለቱ እንደምነሣ ተነግሮኛል። ውለታው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ላቀችን ዝቅ አድርጌ አልነሣም። ቃሌ ልክ ነበር። ተርጓሚያችሁን አርሙ፣ ማሳዬንም ከድልድሉ አውጡ። ስሜ እንየው ነውና፣ አንድ ቀን ወጣ ብላችሁ ብታዩኝ አይከፋም።

በማሽናችሁ ሟች፣ በፈጣሪ ቸርነት ግን ገና አራሽ የሆንኩት፣ እጅ በመንሣት፣
እንየው ዋሴ
ከላይ ጋይንት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቢሮዎ ብመጣ ዘበኛው «ኃላፊው ዛሬ አርፈዋል» አለኝ። እንደ ማሽንዎ ብሆን፣ ነፍስ ይማር ብዬ ወንበርዎን ለድልድል በጠቆምኩ ነበር። አንድም ስለተማርኩ ግን «መቼ ይገባሉ?» ብዬ ተመለስኩ።