ሳታርፍ «አረፈ» አሉህ

የኔ ሰይድ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ሱቁን አልዘጋሁትም፤ ልጃችን ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጨርቅ እየለካች ታግዘኛለች። ደህና ነን። የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ተናድጃለሁ፤ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ልብህን ካመመህ ወዲህ በረንዳው ላይ ትውል ነበር። ፊት ለፊትህ፣ በእኛና በወንድምህ በይመር ግቢ መሀል፣ ያ ትልቅ ወይራ ነበር። እርግቦቹን እየሰማህ በቅጠሉ መሀል ተራራውን ስታይ፣ ደረትህን የያዘው እጅህ ቀስ ብሎ ጭንህ ላይ ሲወርድ አይ ነበር። «ከክኒኑ ይልቅ ይኼ ይሻለኛል» ትለኝ ነበር።

ይመር ቆርጦ ጣለው። በቦታው የቆርቆሮ ሱቅ ሠርቶ ለሞባይል ሻጭ አከራየው። ሻጩ ስፒከሩን ወደ በረንዳችን አዙሮ ሰቀለው።

ያልሞከርኩት የለም። ቆርቆሮው እንዳያንጸባርቅብህ መጋረጃ ጋረድኩ፤ ጩኸቱ አላስቀምጥህ አለ። ተከራዩን ለምኜ ከቀትር በኋላ ስፒከሩን አስዘጋሁት፤ አሁን ደግሞ ዓይንህ የወይራውን ቦታ ይፈልግ ጀመር። ጓዳ አስገባሁህ። ምንም አይታይ፣ ምንም አይሰማ። «ለመቃብሩ ገና ነኝ፤ አውጪኝ» አልከኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አንተን የሚያረጋጋህ ጸጥታ ብቻ አልነበረም፤ የምታየውና የምትሰማው አንድ ላይ ነበር። ሁለቱንም ይመር በአንድ ቀን መጥረቢያ ወሰደብህ።

ይመርን ላናግረው ስነሣ እጄን ያዝክ። «ወንድሜ ነው፣ ተይው» አልክ። በአንተም የተናደድኩት በዚህ ነው። ሰው ዝምታህን ትዕግሥት ብሎ ጠራው። ጣቶችህ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ሲውሉ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

በሞትክ በሦስተኛው ቀን በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ይመር በለቀስተኛው ፊት «ወንድሜ ሳይጨነቅ አረፈ» አለ። ብድግ አልኩ።

«አላረፈም! ማረፊያውን ቆረጥክበት እንጂ!» አልኩት።

እናትህ ቀና ብለው አላዩኝም። አንዷ «ኧረ ነውር ነው» ብላ ቀሚሴን ጎተተች። ይመር ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላከብኝ። ስፒከሩንም አስወረደው። አንተ በሕይወት እያለህ ይኼ አንድ መሰላል ብቻ ነበር የሚፈልገው! ሽማግሌዎቹ «ይቅር በይው» ይሉኛል። አላህ ልቤን ያራራው ቀን እላለሁ። ዛሬ በአፌ ብቻ ብል ውሸት ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ደንበኛ ያለ ጥፋቷ ሐያት ላይ ጮኸባት። አንገቷን ደፍታ ጨርቁን ታጣጥፍ ጀመር። ቁርጥ አንተን! ደነገጥኩ። አጠገቧ ሄጄ «ልጄ፣ ንገሪው» አልኳት። ቀና ብላ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ነገረችው።

አልረሳህም፣ ሰይድ። ደግነትህን፣ ሳቅህን፣ ጨርቅ በጣትህ ዳስሰህ የምታውቅበትን መንገድ ሁሉ አወርሳታለሁ። ዝምታህን ግን አላወርሳትም።

ባለቤትህ ዘይነብ