ሙሽራ የሌለበት ዘፈን

እማ፣

ላንቺ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ፣ ከገበያ ስመለስ ከደጅ እንደምጠራሽ ጠራሁሽ። ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛው ተጋምሷል። ሙት ዓመትሽን በደህና አውጥተናል። ቄሱ ጠላውን አመስግነው ነበር፤ ጌሾው አንቺ ከተከልሽው የተቀጠፈ መሆኑን ስነግራቸው ደግመው ጠጡ።

ቤታችን ትንሽ ተለውጧል። ጣራውን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም፤ አማችሽ ሞላ «ወለቴ ብትኖር ከቆርቆሮው በላይ ትሰማ ነበር» ይላል። አልጋሽ የነበረበት ቦታ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጫለሁ። ቅር እንዳይልሽ፤ መስኮቱ ያለው እዚያ ነው፣ ክር በመርፌ ለማስገባት ብርሃኑ ይመቸኛል። ልጅሽ ካሳም ደህና ነው፤ አሁንም ጂዳ ነው። ከተማው ሞባይል ስልክ ስለገባለት ቶሎ ቶሎ ይደውላል። አንድ ቀን «እህቴ፣ የእማ ድምፅ ያለበት ካሴት ፈልጊልኝ» አለኝ። ከየት አመጣለታለሁ? የሞላ አጎት ቴፕ ይዞ የመጣ ዕለት ያደረግሽውን ታስታውሺያለሽ? «ሰርግ በሌለበት ምን ብዬ ነው የምዘፍነው? ለዚህ ሳጥን?» ብለሽ ነጠላሽን ቴፑ ላይ ጣል አድርገሽበት ጓዳ ገባሽ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀን ነበር።

ልነግርሽ የተነሳሁት ግን ስለ በዓሉ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሰቆጣ ላይ የባህል ሙዚቃ በዓል ተደረገ። ሻደይ እንዳይመስልሽ። ሻደይማ የልጃገረዶች ነው፤ ነሐሴ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ይመጣል። ይሄኛው ኮሚቴ የተቋቋመለት፣ በከተማው እዚህም እዚያም በአንድ ጊዜ የሚዘፈንበት ነው። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ትልቅ መድረክ ተሠራ። አዳራሹ ለአዝማሪዎች ተሰጠ። ሆቴሉ ግቢ ዋሽንትና ክራር፣ እህል ተራው ደግሞ ከየወረዳው ለሚመጡ የሰርግ ዘፋኞች ሆነ። ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ይሰማል ተባለ።

እኔ የገባሁበት በስፌት ነው። ከኮሚቴው አንድ ወጣት ለሰርግ ዘፋኞቹ ነጭ ቀሚስ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው፣ እንድሰፋ ሊያዝዝ መጣ። ስለ ጥልፉ ስንነጋገር ቆየንና ድንገት «ሰርግ ላይ በኽምጣኛ ዘፈን ታወርድ የነበረችው ወለቴ እናትሽ ናት አሉኝ። ለምን አንቺ አትዘፍኝልንም?» አለኝ።

«እኔ ኽምጣኛ አልችልም» አልሁት።

«የወለቴ ልጅ ሆነሽ?»

ይህን ጥያቄ አንቺ እያለሽም ስንቴ ተጠይቄዋለሁ። ከእትዬ ታደሉ ጋር ደጃፍ ተቀምጣችሁ በኽምጣኛ ስትጫወቱ፣ እኔ ብቅ ስል ወደ አማርኛ ትዞሪ ነበር፤ ልክ እንግዳ እንደገባ። ከምትሉት ግማሹን በግምት እይዘው ነበር። ለምን እንዳላስተማርሽኝ ግን ጠይቄሽ አላውቅም። በቤታችን የማይጠየቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ልጁን ወደ እትዬ ታደሉ ላክሁት። ዕድሜ ልክ አንቺ ስታወርጂ ሲቀበሉሽ የኖሩት እሳቸው ናቸውና ከእሳቸው የተሻለ ማን ይኖራል? ብቻውን መሄድ ፈርቶ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ማሽላ እያበጠሩ አገኘናቸው። ስለ በዓሉ፣ ወጋችን እንዳይጠፋ ስለ መደረጉ፣ ከሩቅ ስለሚመጡት እንግዶች አስረዳቸው። ሰፌዱን ሳያስቀምጡ ሰሙት።

«ሙሽራዋ ማን ናት?» አሉ።

«ሙሽራ የለም እማማ። በዓል ነው።»

«ሙሽራ ከሌለች ዓይንሽ እንዲህ፣ አንገትሽ እንዲያ የምንለው ለማን ነው? ለድምፅ ማጉያው?»

እማ፣ አንቺ የተናገርሽ ነው የመሰለኝ። ልጁ አሁንም ሊለምናቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሱ። «ስማ ልጄ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። አውራጄ አፈር ገብታለች። ተቀባይ ብቻውን ምን ይላል?» አሉና ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎን ወጣን።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ግን አዲስ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ለማየት ብቻ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ከምሰማው ሄጄ ልየው ብዬ ነው» አሉ። ሞላን አስከትለን ሦስት ሆነን ወጣን።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አንድ ከከተማ የመጣ ዘፋኝ ኦርጋን እያስመታ ይዘፍናል። የድምፅ ማጉያው ደረት ይመታል። እትዬ ታደሉ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትንሽ አዩትና «ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» ብለው ወጡ። አዳራሹ ይሻል ነበር። ከደሃና የመጣ አዝማሪ በማሲንቆው የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ ይነካካል። ሞላ በር ላይ ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየውና ወዲያው፦

ገብስ አብቃይ ነን ባዮች፣ ከደሃና ያሉ፣
የሞላን ራስ አይተው «ታጨደ ወይ?» አሉ።

ስሙን ማን እንደነገረው እንጃ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ አማችሽ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ታደሉ ፊታቸው ፈታ አለ። ሆቴሉ ግቢም ዋሽንት የሚነፋውን ሽማግሌ እስኪጨርሱ ቆመው ሰሙ።

እህል ተራ ስንደርስ ገበያውም ዘፈኑም አንድ ላይ ደርቷል። ቀኑ የገበያ ቀን ነውና የትኛው ሻጭ ነው ለዘፈን ብሎ ቦታውን የሚለቀው? ጆንያው መካከል፣ ጎኑ የተከፈተ የጭነት መኪና እንደ መድረክ ቆሟል። በላዩ ከፃግብጂ የመጡ ልጃገረዶች የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ለብሰው ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ያምራል። ዘፈኑን ግን በቅርብ የተለማመዱት እንደሆነ ያስታውቃል፤ እንደ ተማሪ አብረው ጀምረው አብረው ያቆማሉ። ከገበያተኛው ጥቂቱ ቀና ብሎ ያያል፤ የቀረው ይገበያያል።

እነሱ ሲወርዱ ያ የኮሚቴው ልጅ እኛን አየ። ሳያማክረን ድምፅ ማጉያውን አንስቶ «የወለቴ ጓደኛ፣ የወለቴ ተቀባይ እዚህ መካከላችን አሉ!» ብሎ ጮኸ። ተናደድሁ። ልመልሳቸው እጃቸውን ስይዝ እትዬ ታደሉ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡኝና ወደ መኪናው ሄዱ። ኋላ ስጠይቃቸው «ስሟን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጠርቶት ዝም ብዬ ብቀመጥ የካድኳት መሰለኝ» አሉኝ።

ደግፈው አወጧቸው። ከበሮውን ተቀብለው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ማይክሮፎኑን በክርናቸው ገፋ አደረጉት። መቱ፤ ቀስ ብለው። ከዚያ ተቀበሉ።

አዎ፣ ተቀበሉ። ማንም ሳያወርድላቸው። የተቀባይዋን ስንኝ ብቻ ብለው ዝም አሉ፤ ከበሮው ግን አላቆመም። አንቺ የምትይበትን ያህል ጠበቁ። መጨረሻው ላይ ድምፅሽን ሳብ ታደርጊው አልነበር? እሱንም ጠበቁ። ከዚያ እንደገና ተቀበሉ። የጠፋቸው መስሎት ልጁ ሊረዳቸው ጠጋ አለ፤ በዓይናቸው ገሠጹት። ከኋላ የሳቁም ነበሩ። እኔ በነጠላቸው አፌን አፍኜ መሬት መሬቱን አያለሁ። ያ ዝምታ ያንቺ ቦታ መሆኑን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

እንደገና ዝም ሲሉ ግን ከማሽላ ጆንያ ጀርባ አንዲት ሴት አወረደች። መስፈሪያ ጣሳዋ እጇ ላይ እንዳለ። እትዬ ታደሉ ተቀበሏት። ቀጥሎ ከፍየል ተራው በኩል ሌላዋ፣ ቀጥሎ አህያዋን እንደያዘች የቆመች አንዲት ትልቅ ሴት። ሁሉም የሚያወርዱት የየራሳቸውን ነው። አጠገቤ የነበረችውን በርበሬ ሻጭ «ለምን አንድ ዓይነት አይሉም?» አልኋት። እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች «እንዴት አንድ ይሆናል? እናትሽ ለእኔ ያወረደችው ለእኔ ነው፣ ለእሷ ያወረደችው ለእሷ ነው» አለችኝ። ለካስ ለየሙሽራዋ የየራሷን ስንኝ ነበር የምትሰጪያት። ለካስ እነዚያ ሁሉ ይዘውት ኖረዋል። እትዬ ታደሉ ሙሽራ የት አለች ሲሉን የለችም ብለናቸው ነበር፤ ያንቺ ሙሽሮች ግን ገበያውን ሞልተውት ነበር፣ እማ። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ እህል ይሸጣሉ።

ያኔ የኔ ሰርግ ትዝ አለኝ። ከቤት ስወጣ በኽምጣኛ ያወረድሽልኝ ስንኝ አለ። ትርጉሙን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን እንደ ጸሎት ይዤዋለሁ። ከበሮው ክፍተቱ ላይ ሲደርስ አፌ በራሱ ተከፈተ።

ገበያው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከጉሮሮ መውጣት ያለበትን አንድ ድምፅ በምላሴ ብዬው የሙሽራዋ «አንገት» «ፍየል» ሆኖ አረፈው። እትዬ ታደሉ ከሳቃቸው የተነሳ ከበሮው ጠፋቸው። ያቺ ማሽላ ሻጭ ጣሳዋን ጥላ መጥታ አቀፈችኝና «ድገሚው፣ እንዲህ ነው የሚባለው» ብላ ጉሮሮዋን እያሳየች አስባለችኝ። ደገምሁት። እልልታው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰው እየሳበ አመጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ታደሉ ክንዴን ይዘው እየሄዱ አንድ ነገር ነገሩኝ። ከፃግብጂ ለትዳር የመጣሽ ሰሞን እዚያው ገበያ ጨው ልትገዢ ሄድሽ አሉ። አማርኛው አልሆነልሽም። ሻጩ ያልሽውን ደግሞ ለጎረቤቱ አለው፣ ጎረቤቱም ለሌላው፤ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ሆኖ ዋለ። ጨውም ሳትገዢ ተመለስሽ። እኔን ስትወልጂ «ይህች እንዲህ አይሳቅባትም» ብለሽ ለእሳቸው ነግረሻቸው ነበር።

«ዛሬም ሳቁብኝ እኮ» አልኋቸው።

«ዛሬ የሳቁብሽ ልጃችን ብለው ነው። እሷን የሳቁባት ባዳ ብለው ነው።»

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ስፌት ላይ ሆኜ ብዙ አስቤዋለሁ። ቋንቋሽን የነፈግሽኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ልትጋርጂኝ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጅሽ ነኝና፤ ብታስተምሪኝም እሸከመው ነበር። ትንሽ ቢሳቅብኝ ምን ነበረበት? ደግሞ እመለስና፣ ያን ዕለት ጨው ሳትገዢ ባዶ እጅሽን የሄድሽውን መንገድ ሳስበው መርፌዬን አስቀምጣለሁ። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አንዱን ለማስወጣት መታገል ትቻለሁ።

ካሳ ሲደውል ሁሉንም ነገርሁት። ድምፅሽን የያዘ ካሴት እንደሌለ፣ ሴቶቹ ግን እንደያዙት።  ከዚያ የተቀባይዋን ስንኝ በቀስታ ሲያንጎራጉረው ሰማሁ። ወንድ ልጅ ሰርግ ቤት ዳር ቆሞ መቼ እንደለመደው እግዜር ይወቅ።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እትዬ ታደሉ ዘንድ እሄዳለሁ። ቁጡ አስተማሪ ናቸው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስብሉኛል።

ጥር ላይ አንዲት ሴት ከጎረቤታችን ወረዳ ከዝቋላ ተነስታ በእግሯ መጣች። ልጇን ልትድር ነው። የስፌት መኪናዬ ፊት ቆማ «ወለቴን አገኛለሁ ወይ? እኔን የዳረችኝ እሷ ናት፤ ልጄንም እንድታወርድላት ነው» አለች። አልሰማችም ነበር። ስነግራት የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችልሽ። አብሬያት አለቀስሁ። ከቆየች በኋላ ፊቷን ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያ አንቺ ነይ» አለች፤ መጠየቅም አይደለም፣ እንዲያው ነይ።

ሄድሁ። እትዬ ታደሉን በበቅሎ አድርገን፣ እኔና ሞላ በእግራችን። ድንኳኑ ውስጥ ሙሽራይቱ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እትዬ ታደሉ ከበሮውን መቱና ወደኔ አዩ። ያንቺን ስንኝ አላወረድሁላትም። እሱ የኔ ነው። በየእሑዱ ከለቃቀምሁት ቃል ለእሷ የምትሆን አንዲት ስንኝ ሠርቼ ነበር፤ አጭር ናት፣ ምናልባትም ደካማ ናት። አወረድኋት። እትዬ ታደሉ ተቀበሉኝ። ሙሽራይቱ ቀና አለች።

እማ፣ አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ለሟቹ ይለዋል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ባንቺ ቋንቋ ዳር እስከ ዳር የማውቀው ዘፈን ዛሬ አንድ ነው። እሱን እስክሞት ይዤዋለሁ። ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።

ልጅሽ እንጉዳይ
ከሰቆጣ