በቆርኪ የተሰፈረው ማዳበሪያ

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አለቀ። የዘይቱና ማሳ ሲሶው ሳይዘራ ማዳበሪያው አለቀ። የዘር ጉድጓዱን ብዛት ሦስት ጊዜ አስልቼ ነበር፤ ሊበቃ ይገባ ነበር።

ዘይቱና ተማሪዬ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጭሮ ወጣ ብሎ ያለውን የበቆሎ ማሳ ራሷ ታርሳለች። ዘንድሮ ያገኘችው ማዳበሪያ የወትሮውን ግማሽ ነው። «አትበትኚው» ያልኳት እኔ ነኝ። የማዳበሪያውን ፎስፈረስ የወደቀበት አፈር ይዞ ያስቀረዋል፤ ሄዶ ሥር አይፈልግም። ስለዚህ በየጉድጓዱ አንድ ቆርኪ፣ ከዘሩ ሦስት ጣት ራቅ አድርጎ መቅበር። ቆርኪ ሰጥቻት፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች አብረን ዘርተን ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

የባሏ ወንድም አልዪ ማሳው ከእሷ ጋር ይዋሰናል። እሱ እንደ ልማዱ በትኗል። «መምህር፣ በቆሎው ታሟል እንዴ፣ በቆርኪ እየለካችሁ ሽሮፕ የምትሰጡት?» ብሎ ሳቀብን። ዘይቱና አልሳቀችም። በቆሎዋ ካላማረ ለከርሞ ማሳውን ለእሱ ጫት ልትለቅለት ቃል ገብታለች። የአራት ልጆቿ ቀለብ ከዚያ ነው።

ስሌቱን የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ?

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

በጠዋት በባጃጅ ሄድኩ። «የሰፈርሽበትን አሳይኝ» አልኳት። ሰማያዊ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን አወጣች።

«ቆርኪዎቹስ?»

መሬት መሬት አየች። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ያመጡልኝ የቢራ ነው። ቢስሚላሂ ብዬ የምዘራውን በቢራ ቆርኪ ልስፈር?»

«አሥሩን መስመር ግን ሰፍረሽበታል።»

«እርስዎ ቆመው እያዩ እንዴት እምቢ ልበል?»

ቆርኪዎቹን የለቀምኩት ከቤቴ አጠገብ ካለው ግሮሰሪ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ከተማ አስተምሬ ይህን አለማሰቤ! ይቅርታ ጠየቅኳት። ክዳኑን ለካሁት፤ አንድ ቆርኪ ተኩል ይይዛል። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት በሰው ነው።

ለቀረው ሲሶ ማዳበሪያ የለም። በረቷ ጥግ የበሰበሰ የፍየል በጠጥ ነበር። በየጉድጓዱ አንድ አንድ እፍኝ እየጨመርን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘራን። ወገቤ! የቆርኪውን፣ የክዳኑንና የበጠጡን ክፍል በችካል ለየሁ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

በቅሏል። መስመር በመስመር ቆጠርኩ፤ የጎደለው ጥቂት ነው። ማዳበሪያው ዘሩን አላቃጠለውም። ችግሩ የአልዪም እኩል መብቀሉ ነው። «ያውም ወገቤን ሳያመኝ» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። በሆዴ ግን ፈራሁ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። የአልዪ በቆሎ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። የፎስፈረስ እጥረት ነው። የዘይቱና ጥቁር አረንጓዴ! የቆርኪውና የክዳኑ ክፍል ቁመታቸው እኩል ነው፤ ደግሜ ለካሁ፣ እኩል። ተጨማሪው ግማሽ ቆርኪ እስካሁን ምንም አልጨመረም። እንዲህ ከዘለቀ፣ ለከርሞ ያው ግማሽ ማዳበሪያ ለሙሉ ማሳው ይበቃታል። የበጠጡ ክፍል አጠር ብሏል፣ ቅጠሉ ግን ደህና ነው።

አልዪ መጣና እንዴት እንደዘራችው በኦሮምኛ ጠየቃት። እኔን አይደለም፣ እሷን። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ከፍታ አሳየችው። ማዳበሪያው ለምን ሥሩ ዘንድ መቀመጥ እንዳለበት እኔ ካስረዳኋት ይልቅ አሳጥራ፣ አጥርታ ነገረችው። አንድ ነገር ልጨምር አልኩና ምላሴን ያዝኩ።

«የጫቱስ ነገር?» አለችው ስትነሳ።

«የምን ጫት?» አለ አልዪ። «እኔ ስለ ጫት ያልኩት ነገር አለ?»

ሳቋ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ዝናብ ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የበጠጡ ክፍል ያሳስበኛል፤ እስከ እሸት ብዙ ይቀራል። ቢሆንም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ በተማሪዬ ኮርቼ አላውቅም።