የአባ መኪና ትንፋሽ ሲያጥራት

ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላህ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የሸቤ ዝናብ አጥንት ይገባል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል፤ አክስቴ ደግሞ ምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ለእንግዳ እንደማትለቅ አውቃለሁ። እሷንም ሰላም በይልኝ። እኛ አልሀምዱሊላህ በሕይወት አለን። "ደህና ነን" ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ስልክሽን ዘግተሽ ስለተቀመጥሽ ይህን ደብዳቤ ለሸቤው ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ሳትጨርሺ እንዳትጥዪው፣ በአላህ ይዤሻለሁ።

እማ፣ እኔ በቃኝ። በባልሽም በመኪናውም በቃኝ! ኒካዬ ሊደርስ ምን ቀረው? የሙሽራ እጅ ሂና ይነካዋል እንጂ የሞተር ዘይት አይነካውም፤ የኔን ጥፍር ብታዪው ታለቅሺ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ለልክ ትጠራኛለች፣ እኔ ጋራዥ ነኝ። አማቴ የሚሆኑት የጣሪቅ እናት በየቀኑ እየደወሉ "እናትሽ ገቡ ወይ?" ይሉኛል፣ እኔም "መንገድ ላይ ናት" እላለሁ። ሰው ከሸቤ ጅማ ስንት ቀን መንገድ ላይ ይሆናል? ውሸቱ አለቀብኝ። አንቺ ቤት ሳትኖሪ ከዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ አልወጣም። ለአባ ነግሬዋለሁ፣ ላንቺም ይኸው እየነገርኩሽ ነው።

አጋሮ የሆነውን እኔም አልረሳሁትም። ያን ቀን የጣሪቅ ቤተሰቦች በር ላይ ከመኪናው ወርደሽ ስታስመልሺ፣ አዲሱ ልብስሽ ሲበላሽ፣ አባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "መኪናዋ ምንም የላትም፣ እሷ ናት ድሮም ሆዷ የማይችል" ሲል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞ መኪናዋ ትሸት ነበር እኮ! እኔም ኋላ ተቀምጬ በተቃጠለ ዘይት ሽታ ጭንቅላቴ ሲዞር ነበር፤ ለማማት እንዳይመስልብኝ ዝም አልኩ እንጂ። "ሽማግሌ ሳይመጣ አልመለስም፣ እዚያ መኪና ውስጥም ሁለተኛ አልገባም" ብለሽ ብትሄጂ አልፈርድብሽም። አባን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጎረቤታችን ሐጂ ሸኩር መጥተው "ጃርሳ ላክ እንጂ፣ የሽማግሌ አገር አይደለም ወይ?" ቢሉት "ምን አጠፋሁና ነው ሽማግሌ የምልከው?" ብሎ አረፈው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይላሉ። ሳሩ እኔ ነኝ፤ ያውም ልዳር የደረስኩ ሳር።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ባለፈው ሰኞ አባ ማልዶ ተነሳ። ጢሙን ተስተካከለ፣ የኢድ ኮቱን ለበሰ፣ ሽቶ ተቀባ። ትንሿ ልጅሽ ሩፈይዳ "የት ልትሄድ ነው?" ብትለው "ቡና አይቼ ልምጣ" አላት። በሰኔ ምን ቡና እንደሚታይ አንቺ ታውቂያለሽ። ከዙህር በፊት ለወንድሜ ለፋሂም ደወለለት፤ መኪናዋ ሰቃን አልፋ፣ ወደናንተ በሚመጣው መንገድ ላይ ቆማለች። ፋሂምና እኔ ደርሰን ስናይ አባ በኢድ ኮቱ ዝናብ ይወርድበታል፣ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። ኮፈኑን ስንከፍተው ሞተሩ በዘይት ታጥቧል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ እንኳን ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጥቷል። በአንድ አይሱዙ አስጎትተን ቆጪ ሰፈር ያለው የመካኒኩ የዳባ ጋራዥ አስገባናት።

ዳባን አትወቅሺው፣ ሥራውን ይወዳል። ችግሩ አፉ ከእጁ ይቀድማል። ገና ጭሱን ሲያይ "ቱርቦው አልቋል" አለ፤ ለሞተሩ አየር የሚገፋለትን ማለቱ ነው። አወረደው፣ በጣቱ አወዛወዘው፤ ንቅንቅ የለ፣ ደህና ነው። መልሶ ገጠመው። ቀጥሎ "ዘይት የሚይዘው ጎማ ነው" ብሎ ቀየረው። የጅሬንን ዳገት ሳትጨርስ አዲሱንም ገፍታ አወጣችውና ግቢያችን በር ድረስ ዘይት እያንጠባጠበች መጣች። እኔ በመሃል ከምሠራበት መድኃኒት ቤት እያስፈቀድኩ እመጣለሁ፣ አለቃዬ "የምታገቢው መካኒክ ነው እንዴ?" ይለኛል።

በኋላ ዳባ ሌላ ነገር ሞከረ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አፉ ላይ ፌስታል አሰረበት። ፌስታሉ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ጧ! አለ። ዳባ እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ ከሚቃጠለው ናፍታ ትንሽ ጋዝ ሁልጊዜ በፒስተኖቹ ጎን ወደ ታች ይሾልካል፤ ለእሱ ደግሞ መተንፈሻ ቱቦ አለው፣ በዚያ ወጥቶ ተመልሶ ይቃጠላል። መውጫው ካነሰው ዘይቱን በየስንጥቁ ይገፋል፣ ቱርቦውም ዘይቱን ወደ ታች መመለስ ሲያቅተው በጭስ ማውጫ ይተፋዋል። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይሄን ያህል ንፋስ ካለ ጋዙን የሚያግደው የፒስተኑ ፋሻ ተበልቷል፣ ሞተር ይውረድ።"

"ፋሻ በአንድ ሌሊት ይበላል እንዴ?" አልኩት። እሁድ ጭስ አልነበራትም እኮ! እኛ ጋ የሚመጣ ሕመምተኛ ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ ከወደቀ መጀመሪያ "ምን ቀመስክ?" ነው የሚባለው። ወደ አባ ዞሬ "ሰኞ ጠዋት ምን ነክተሃታል?" ብዬ ጠየቅሁት። "እኔ ምን አውቃለሁ" ብሎ ዐስር ሳይደርስ ሊሰግድ ወጣ። ይገርምሻል፣ ያን ሁሉ ቀን ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጎን ላይ ይቆምና አይላወስም። መብራት ያዝልን ሲባል ሌላ ሌላውን ያበራል። እኔ ደግሞ ጅሏ፣ ለመኪናው አዝኖ ነው ብዬ ሻይ እገዛለታለሁ።

ትናንት ዳባ የሞተር ማውረጃውን ሰንሰለት አመጣ። መንጠቆው ሊገባ ሲል አባ "ቆይ" አለ። ኮቱን አውልቆ ለፋሂም ሰጠው፣ ጎንበስ አለ፣ የመተንፈሻ ቱቦዋን ማሰሪያ ፈታ፣ ጣቱን ከተተና ጎተተ። ምን ይዞ ቢወጣ ጥሩ ነው እማ? ቆረቆንዳ! በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በዘይት የጠቆረ የበቆሎ ቆረቆንዳ! አጥር አሻግሮ ወረወረውና "አሁን አስነሱ" አለ።

ዳባ "ያ ዋቃዮ!" ብሎ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ፋሂም ሳቁን መያዝ አቅቶት ከመኪናው ጀርባ ሄደ። አባ ማንንም ሳያይ "ቡና ሽታ ይስባል" አለ። ይስባል፣ ማን ካደ? የላምባ ጀሪካን አፉ በቆረቆንዳ ሳይወተፍ ከቡና ጋር እንደማይጫን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። ጀሪካን ግን አይተነፍስም። ደግሞስ የምን ቡና? ያቺ መኪና ላይ ከኅዳር ወዲህ አንድ ጆንያ አልተጫነም።

እማ፣ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ትናንት ግን ጮህኩበት። ቱርቦ ሲወርድ ዝም፣ ጎማ ሲቀየር ዝም፣ ሞተር ሊወርድ እንኳን መንጠቆው እስኪመጣ ዝም! "አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ ብለህ ስንቱን ታስፈርሳለህ? እናቴ ናፍቃኛለች! እሷ በሌለችበት አልዳርም፣ ለጣሪቅ ቤተሰቦች ራስህ ንገራቸው!" አልኩት። አለቀስኩም። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ይሰማል። አባ እዚያው የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ዳባ ዞረና ቀስ ብሎ "አሁን ሽታው ይመለሳል?" አለው። ሞተሩ ተጎድቶ ይሆን አላለም፤ ቱርቦው ይተርፍ ይሆን አላለም። ለካ ሰኞ ጠዋት የወተፈው አንቺን ያስመለሰሽን ሽታ ሊያጠፋ ኖሯል።

ዳባ ያኔ ነው ቱቦዋን አውልቆ በደንብ ያየው። በታች በኩል በሙቀት ተሰነጣጥቃለች፤ ለካ አጋሮ መንገድ ላይ ያጥወለወለን ጭስ በዚያ ስንጥቅ እየወጣ ነው ወደ ውስጥ ይገባ የነበረው። ቱቦዋ ብትቀየር ኖሮ ገና ድሮ ያበቃ ነበር! ፋሂም ሂርማታ ገበያ ሮጦ ልኳን አመጣ፣ ዳባ በየቧንቧው የተጠራቀመውን ዘይት አጠበ። የጅሬንን ዳገት ስንወጣ መጀመሪያ ጨሰች፣ ማል ጎና፣ ምን ይሻለናል፣ አለቀልን ብዬ ነበር፤ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ግን ጠራች። ፌስታሉንም ደገምነው፣ እንደ ቅጠል እርግብ እርግብ አለ እንጂ አልተነፋም።

ከዳገቱ ስንወርድ አባ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ሐጂ ሸኩር ጋ ሄደ። ከዚያ ሌላው ሽማግሌ አቶ ተክለጻድቅ ጋ። ሐጂ ማታ መጥተው ምን አሉኝ መሰለሽ? "አባትሽ 'አጥፍቻለሁ' አለን። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳውቀው ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።" ስለዚህ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዞ ይመጣል። እንደ ወጉ አስቀምጪያቸው፣ እንደ ወጉም አኩርፊ፣ መብትሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ግን አታድርጊው፤ የዝናብ መንገድ ነው፣ ሳይመሽ መነሳት አለባችሁ።

አባ "አይሸትም ብለሽ ጻፊላት" ብሎኛል። እኔ ግን በዚህ ሰሞን የዋሸሁት ይበቃኛል። ገብቼ አሽትቻለሁ፤ ትንሽ ይሸታል። አሮጌ መኪና ነው፣ የሽቶ ሱቅ አይደለም። ሎሚ ያዢ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ልዝጋ። ዛሬ ጠዋት አባ ሽማግሌዎቹን ለሙከራ ሊያዞራቸው አወጣቸው። ሐጂ ሸኩር ያንን ረጅም እግራቸውን ይዘው የፊቱን በር ሲከፍቱ፣ አባ ሮጦ ደርሶ "አፉ በሉኝ ሐጂ፣ ከኋላ ይግቡልኝ፣ ይሄ ሰው አለው" አላቸው። ሐጂ ባዶውን ወንበር አዩት፣ አባን አዩት፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ከኋላ ገቡ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ መንገዱን ያቅናልሽ፣ በደህና ያገናኘን። ምርቃትሽ አይለየኝ።

እጇን ታጥባ የምትጠብቅሽ
ልጅሽ