ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዘር

ወይዘሮ አኮርፋ ክፖዶ ከአባታቸው ከአቶ አግቤኮ ክፖዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳንሲ፣ በባሕሩና በሐይቁ መካከል ባለችው መንደራችን እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1944 ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። አምስተኛን ያልተማሩት ሐይቁ ሞልቶ የአባታቸውን የሽንኩርት መደቦች ስለወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነበር፤ አሸዋ ላይ ሽንኩርት መትከልና ጠዋትና ማታ ከጉድጓድ ቀድቶ ማጠጣት። አሸዋ ውሃ አይይዝም፤ አንድ ቀን የተረሳ መደብ ይደርቃል።

በ1963 ዓሣ አጥማጁን አቶ ዶትሴን አግብተው አንዲት ልጅ ወለዱ። እሷም ይህን የምጽፈው እኔ፣ ኤዲናም ነኝ። በ1974 የአባቴ ጀልባ ተገለበጠች፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ግቢያችን በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ ሁላችንም ዳዳ የምንላቸው እናቴ አመሻሹ ላይ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ መደቡ ወረዱ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አፌፋ ተከትለው፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ምን ይልሻል? ባልሽ እኮ ባሕር ውስጥ ነው” አሏቸው።

“ባሕሩም የእግዜር ነው፣ ባሌም የእሱ ነው” አሉ ዳዳ። “ለእኔ የሰጠኝ ማጠጣቱን ነው።”

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አፈርኩባቸው፤ ለብዙ ዓመታትም ይቅር አላልኳቸውም።

በ1995 ሐይቁ እንደገና ሞልቶ የወይዘሮ አፌፋ ቤት ውሃ ገባበት፤ ያስቀመጡት ዘርም በሰበሰ። ዳዳ ከምድጃቸው በላይ ጭስ ላይ ከሰቀሉት፣ ራሱ ተመልሶ ከሚተከለው የዘር ሽንኩርት ግማሹን ፈትተው ሰጧቸው። እኛ ብንራብም ያ ዘር ተነክቶ አያውቅም ነበር። “ለእርስዎስ ምን ቀረ?” ብዬ ተቆጣሁ። “ያበቀለው ያውቃል” አሉኝ። መልሳቸው ሁልጊዜ ይኸው ነበር፤ ያናድደኛል።

ባለፈው ጥቅምት እግራቸው አበጠ፤ ሐኪሞቹ ልባቸው ነው አሉ። ላስታምማቸው ከከተማ መጣሁ። ለወጥ የሚሆነው ሽንኩርት በበሩ በኩል፣ ዘሩ ደግሞ ከምድጃው በላይ እንደሚሰቀል ረስቼው ኖሯል። ከምድጃው በላይ ያለውን እያወረድኩ አሥራ አንድ ቀን የዓሣ መረቅ ሠራሁበት። ወይዘሮ አፌፋ ሊጠይቋቸው ገብተው ቀና ሲሉ፣ “ምነው ኤዲናም፣ ዘሩን ፈጀሽው?” አሉኝ።

ዳዳ ከአልጋቸው ላይ ሳቁ። “ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ጭስ ጭስ ይላል። ስልሳ ዓመት ሰቅዬ አንድም ቀን ሳልቀምሰው፣ ለካ እንዲህ ይጣፍጣል።”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?”

“ያበቀለው ያውቃል።”

ጥር 9 ቀን 2025 ጠዋት በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ። በማግስቱ ወይዘሮ አፌፋ አንድ ቅርጫት ዘር አምጥተው፣ “ሐይቁ በሞላ ጊዜ ከሰጠችኝ የተራባ ነው፤ የእሷ ነው” ብለው በሩ ላይ አስቀመጡት። አላለቀስኩም። እስካሁንም እንባ አልመጣልኝም፤ የእሳቸውን ያህል ማመኔንም እንጃ። ዘሩን ግን ተከልኩት።

ወይዘሮ አኮርፋ አንዲት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አሁን የበቀሉ ስድስት መደቦች ትተው ሄደዋል። ያመኑት አምላክ ነፍሳቸውን አባቴን ባሳረፈበት ያሳርፍልን። በአገራችን ልማድ ሳምንታት ከቆየው ቀብር መልስ አክፕሌ የምንለው የበቆሎ ገንፎና ዓሣ ግቢያችን ውስጥ ተዘጋጅቷል፤ እንዳትቀሩ። አመሻሽ ላይ መጥታችሁ ቤት ካጣችሁኝ፣ መደቡ ላይ ነኝ፤ እያጠጣሁ ነው።