ለባዝራዋ ያልረሳኸው መርፌ

ደበላዬ፣

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል ሰው። እኔን ያድርገኝ! ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፤ ይኸን ሁሉ ጊዜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ኖርኩ። ምርር ብሎኝ ስምህን ባነሳ ጎረቤቱ ሁሉ «ተይ ብርቄ፣ አፈሩ ይቅለለው በይ እንጂ» እያለ ያፍነኛል። እሺ፣ አፈሩ ይቅለልህ። እኔን ግን አልቀለለኝም። በሕይወት ሳለህ ስቆጣህ ልጓሙን አንጠልጥለህ ውልቅ ትል ነበር። አሁን የት ትሄዳለህ? ተኝተህ ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅማችን አወጣን፤ ዕድሩ ድንኳኑን ተከለልን፣ ሳይበላ የሄደ ሰው የለም። በጋጣው በኩል ያለውን ቆርቆሮ ነፋስ ገልብጦት ወንድምህ ቶላ ድንጋይ ጫነበት፤ ታውቀው የለ፣ ሚስማር መምታት ለሱ ሞት ነው። አምቦ ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። ከመናኸሪያው እስከ ሁሉቃ ድልድይ አንተ በጋሪ የምትመላለስበትን መንገድ እነሱ እንደ ጥንዚዛ እያጉረመረሙ ይፈተለኩበታል። ጋሪውን አሁን ቶላ ነው የሚነዳው። እንጀራዬ ከዚያው ከጋሪው ነው፤ ሌላ ምን ትተህልኝ ሄድክ? አንድ ጋሪና አንዲት ባዝራ።

የተቆጣሁትም በዚህችው በባዝራህ በዳሚቱ ምክንያት ነው። እሷስ ምን አደረገች፣ ጉዱ ያንተ ነው።

ከጉደር ገበያ ይዘሃት የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? ጋሪ ነጂው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀብህ። ጋሪ የሚጎትተው ወንድ ፈረስ ነው፣ ባዝራ በድንጉላ መሐል ማቆም ጭድ አጠገብ እሳት ማንደድ ነው አሉህ። እውነታቸውን ነበር። ደህና ትሰነብትና ድንጉላ የምትፈልግበት ጊዜ ሲደርስ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ጭራዋን ሰቅላ ደጋግማ ትሸናለች፣ ትጮኻለች፣ ጎኗን ለነካት ሁሉ እግሯን ትሰነዝራለች። የዚያችን ባልቴት የእንቁላል ቅርጫት መናኸሪያው በር ላይ እንዳልነበረ ያደረገችው ያኔ ነው። ሽጣት ብዬ ስንቴ ለመንኩህ። አንተ እቴ! ደበላ የገዛውን አይመልስም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ዳሚቱ በግ ሆና ተገኘች። ከድንጉላ ጎን ብትቆም ጆሮዋን እንኳ አታነሳም። ከዚያማ ያንተ ጉራ በምን ይቻል! ጠጅ ቤት ቁጭ ብለህ «ፈረስ የሚገራው በአፍ ነው። እኔ በጆሮዋ ሱታ፣ ሱታ እላታለሁ፣ በቃ» ትላለህ፤ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ማለትህ ነው በኦሮምኛህ። ያ ሲስቅብህ የነበረ ጋሪ ነጂ ሁሉ እንደ ድሮ ጀግና የፈረስ ስም አወጣልህና «አባ ዳሚቱ» ተባልክ። በባዝራ ስም የተጠራ ወንድ ያየሁት አንተን ብቻ ነው። እኔም፣ አዬ ሞኝነቴ፣ ኮርቼብህ ነበር። ገበያ ላይ «የአባ ዳሚቱ ሚስት» ሲሉኝ አንገቴ ይረዝም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጋሪውን ልትጠምድ ጎንበስ እንዳልክ ቀረህ። ሐኪሞቹ ግፊት ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ለቅሶህ ላይ በአገራችን ወግ የሟች ፈረስ ተሸልሞ ይዞራልና ዳሚቱን ኮርቻህን ጫኑባት፣ ጋቢህን ደረቡባት፣ ጅራፍህን አንገቷ ላይ አንጠለጠሉባት። ያን ሁሉ ጩኸትና የፈረስ መንጋ አልፋ፣ ራሷን ደፍታ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ዞረች። ለቀስተኛው «እንስሳዋ እንኳ አዘነች!» ብሎ እንደ አዲስ ተላቀሰ። እኔንም ከሁሉ ይልቅ የቆረጠኝ የሷ ዝምታ ነበር።

ጥቂት ወር እንደቆየ ግን ዝምታው አለቀ። ቶላን ትከሻው ላይ ነከሰችው። የጋሪውን ዘንግ በርግጫ ሰበረች። ድንጉላ ባየች ቁጥር መንገደኛ ጭና እየጮኸች ትጎትታለች። ጎረቤቱ «ሐዘኑ ነው ያሳበዳት» አለ፣ ጠበል ውሰጃት ያለችኝም አለች። አመንኩ። ጠዋት ጠዋት ድርቆሽ ስሰጣት አንገቷን አቅፌ «አይዞሽ እህቴ፣ የኔም ሆድ እንዳንቺው ነው» እያልኩ አለቅስ ነበር። ትሰማኛለህ? ከፈረስ ጋር እህትማማች ሆኜልህ ነበር! ቶላ «እትዬ ብርቄ፣ ሰው ሳትገድልብን እንሽጣት» ሲለኝ የደበላን ሐዘንተኛ አልሸጥም ብዬ ተቆጣሁት።

አንድ ቀን ታዲያ ቶላ ገበያ ሊያደርሰኝ ሲነዳ ዳሚቱ ማንም ሳያዛት አንዲት መድኃኒት ቤት በር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቢላት ቢሠራት ወይ ፍንክች። ባለ መድኃኒት ቤቷ ሲስተር ጋሪውን አውቃው ወጣች፣ እጄን ይዛ አጽናናችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኦቦ ደበላ እንዴት ያሉ አሳቢ ባል ነበሩ፣ የእርስዎን የሦስት ወር መርፌ ቀኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሳልፉ ይወስዱ ነበር፣ አሁንስ ማን ይገዛልዎታል?» አለችኝ። የወሊድ መከላከያውን መርፌ እኮ ነው! እኔ ካረጥኩ ስንት ዘመኔ! ለይሉኝታ ራሴን ነቀነቅኩላትና ጋሪው ላይ ወጣሁ። ገበያውንም አላየሁት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መርፌው ለኔ ካልሆነ ለማን ነው? ለወለደች፣ ገና ለምትወልድ፣ ደም ላላት ሴት ነዋ! ለቅሶህ ላይ ደረቷን የደቃችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። የጊንጪዋ ነጋዴ ናት? ያቺ ሁልጊዜ በነፃ የምትጭናት ናት? ፎቶህን ከግድግዳ አወረድኩ፣ ጥቁሬን አወለቅኩ። ሰው ጉድ አለ፤ ይበል። ዳሚቱንም ጠላኋት፣ የት የት እንዳደረሰችህ የምታውቀው እሷ ናት ብዬ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያደርሳል እንጂ አይናገርም አልኩ። ቶላን ጠርቼ ሽጣት አልኩት። በሷ ዋጋ ሌላ ፈረስ እንደማይገኝ፣ ጋሪው እንደሚቆም፣ እኔም የሰው እጅ ጠባቂ እንደምሆን እያወቅኩ ነው ሽጣት ያልኩት። እልህ እንዲህ ነው።

ገዥው ብልህ ሰው ሆነና የከብት ሐኪም ሳያያት ብር አላወጣም አለ። ሐኪሙ መጣ። አንገቷን ሲዳብስ ጠጠር ጠጠር የሚል እብጠት አገኘና ይህችን ማን ነው እንዲህ የወጋት ብሎ ዞረብን። የሟቹ የደበላ ባዝራ ናት አልነው። ሐኪሙ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ለካ አንተ ድሮ ቢሮው ሄደህ የባዝራ አመል የሚያቆም መድኃኒት አለ ወይ ብለኸው ነበር። ለፈረስ የተሠራ የሆርሞን መድኃኒት በውጭ አገር አለ፣ እኛ ጋ አይገኝም አለህ። የሴቶቹስ መርፌ ብትለው ተዉ ኦቦ ደበላ፣ ለሷ የተሠራ አይደለም፣ ምን እንደሚያደርጋት ዋስ የሚሆን የለም አለህ። አንተም እሺ ብለህ ሄድክ። ደበላና እሺ! መርፌውን በኔ ስም እየገዛህ አንገቷ ላይ ትወጋት ነበር።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እናቴ፣ መርፌው ሲቀር ከሰውነቷ ቀስ እያለ ወጥቶ የተፈጥሮ አመሏ ተመልሶ ነው፤ ሐዘን አይደለም፣ ድንጉላ ፈልጋ ነው» አለኝ። ጉድ በል ጎንደር! እኔ አንገቷ ላይ ስነፋረቅ እሷ የጎረቤቱን ድንጉላ አሻግራ ታይ ነበር! ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ቶላ ያበድኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ሌላ ሴት አልነበረህም። እልል ልበልልህ? አልልም። ለጠጅ ቤት ጉራህ ስትል ከኔ ጋር አንድ ትራስ ላይ እየተኛህ ደበቅከኝ። ያ ለቅሶህ ላይ አንጀቴን የበላው የዳሚቱ ዝምታ ያንተው መርፌ ነበር። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እስቅብህ ነበር፣ አንድ ሳምንት አላግጥብህ ነበር፣ በቃ። አሁን ግን መቃብር ውስጥ ያለ ባሌን በሴት ጠርጥሬ ከረምኩ።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ገና አልመጣም ነበር። እውነቱን ልነግራት ሲስተሯ ጋ ተመለስኩ። ሰምታ ከንፈሯን መጠጠችና ኦቦ ደበላ የራሳቸውን የግፊት ክኒንማ ትተውት ነበር አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል፣ ምን ያደርግልኛል ይሏት ነበር አሉ። እዚያው በር ላይ፣ እዚያው ጋሪ ላይ ሆነህ የባዝራዋን መርፌ ተቀብለህ፣ ያንተን ክኒን ትተህ ትሄዳለህ! ለፈረስ ያልረሳኸውን ለራስህ፣ ለኔ ረሳኸው! ይኸን ይቅር የሚል ሆድ ከየት ይምጣልኝ? ንገረኛ!

ዳሚቱን አልሸጥኳትም። ሐኪሙ እጁን አስገብቶ ማህፀኗን መረመረና ደህና ናት፣ መርፌ ግን ዳግም አትንኳት፣ አመሏን አውቃችሁ ኑሩ አለን። እያወቅኳት ነው። ጭራዋ መነሳት ሲጀምርና ልጓም ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ስትጥል ቀኗ መድረሱን ለቶላ እነግረዋለሁ። በዚያ ጊዜ ከድንጉሎቹ ተራ አትቆምም፤ ቶላ ብቻዋን ባሕር ዛፉ ሥር ያቆማትና ሩቅ ሩቁን ይጭንባታል፣ ሥራ ልቧን ይወስድላታል። ሲብስባት ቤት ትውላለች፣ ያን ቀን ጎመን እንበላለን። የጎረቤቱን አሮጊት አህያ ጋጣ አስገብቼላታለሁ፤ አጠገቧ ስትሆን ትረጋለች። ጅራፉን ከቶላ ቀምቼ ጣሪያው ውስጥ ሰካሁት። እኔም በጆሮዋ ሱታ፣ ሱታ እላታለሁ። መጀመሪያ ገፍትራ ጣለችኝ። አሁን ትሰማኛለች። ለካ የዋሸኸው ነገር እውነት ነው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሠራል። ያንን ጊዜ ነው አንተ ያልሰጠሃት።

ፎቶህን መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ጥቁሬን ግን አልመለስኩም፤ ለለቅሶ የሚሆን ልብ የለኝም፣ በቁጣ ተይዟል። ባለፈው ሲስተሯ ክንዴን ለካችኝና እርስዎም ግፊት አለብዎት አለችኝ። ከማን እንዳመጣሁት አልነገርኳትም።

እና ጠዋት ጠዋት ጋጣው በር ላይ ቆሜ፣ ዳሚቱ እያየችኝ፣ ክኒኔን በውሃ አወራርዳለሁ። ስውጠው «ደበላ!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ድሮው ስቆጣህ። ያንተ ማስታወሻ ከእንግዲህ ይኸው ነው። ቁጣዬ ይበርድ እንደሆን እንጃ፣ ክኒኑን ግን አንድ ቀን አላሳልፍም፤ ደህና ነኝ ባልኩ ቀንም እንኳ።

ብርቄህ