ፀሐይ የማይችለው ገላሽ

ውድ ፈንታነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሌላው ምኑ ይወራል።

መጀመሪያ ፊትሽና ክንድሽ ቀልቶ ሲያብጥ «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ አሽተን ቀባንሽ። አልለቅሽ ሲል ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኩሽ፤ ተራ ስንጠብቅ ፀሐይ ላይ ዋልንና ብሶብሽ ተመለስን። ኋላ ደብረ ታቦር ሐኪሙ «ቆዳዋ ፀሐይ አይችልም፤ ቀን ቀን እንዳትወጣ» ሲለኝ ሳቅሽ።

«የገበሬ ሚስት ፀሐይ ሸሽታ የት ትገባለች?» አልሽው። እየሳቅሽ እንባሽ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አረሙንም አጨዳውንም ውኃ መቅዳቱንም ያዝኩ። «ዘውዱ እንስራ አዘለ» ብለው ሲሳለቁብኝ ምንም አልመሰለኝም። ሲመሽ ደጅ ተቀምጠን ስታጫውቺኝ ድካሙ ከላዬ ይወርድ ነበር። ይህን አልነገርኩሽም፤ የምታውቂ መስሎኝ።

ያን የኅዳር ቀን ገብሱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ሳለ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ዘንድ ግን ፀሐይዋ ትፋጃለች። ብቻዬን ነዶ ስሸከም ቀና ብል አንቺ ከፊቴ ነሽ።

«ግቢ! ግቢ ብዬሻለሁ!»

«ዝም ብለህ ተሸከም» አልሽኝ።

ዝናቡ ሳይደርስ ከምረን ጨረስን። ገብሱ ተረፈ። አንቺ ግን ፊትሽ ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይንሽ ተደፍኖ ስንት ጊዜ ተኛሽ። ምነው ገብሱ በበሰበሰ!

ሲሻልሽ፣ እኔ አንበሳሜ ገበያ በዋልኩበት፣ ደብረ ታቦር ወንድምሽ ዳኛቸው ቤት ገባሽ። ተከትዬሽ ብመጣ በሩን አልከፍት አልሽ።

«ፈንታዬ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። ለሁለት ሰው ስትለፋ እያየሁ መኖር አቃተኝ። ፀሐይ የምትችል አግባ፤ ልጅም ውለድ።»

«እኔ የምፈልገው አንቺን ነው።»

ማልቀስሽ ይሰማኝ ነበር። እስኪመሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ዘመዶቼ ሌላ ሴት አይተውልኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ሽማግሌ ልኬ አላስጨንቅሽም። መምጣት ስትፈልጊ ግን ማንንም አትጠይቂ፤ ቤቱ ቤትሽ ነው።

መሄድሽን ያልሰማ መንገደኛ በደጅ ሲያልፍ «ባለቤትህ ደኅና ናት?» ይለኛል። ሄዳለች ልል እነሣለሁ፤ አፌ እንቢ ይለኛል።

«ደኅና ናት» እለዋለሁ፣ «ፀሐዩ እስኪበርድ ከውስጥ ናት።»

ባልሽ ዘውዱ